ባለ 8 ኢንች ዶብሰን ቴሌስኮፕ፦ ከሱሉልታ ሜዳ ኤም 87ን ለማየት ይበቃል?

ከመግዛትዎ በፊት ይወቁት፤ ይህ ቴሌስኮፕ (በመስታወት ብርሃን የሚሰበስብ፣ መሬት ላይ በሚሽከረከር መቀመጫ የሚቆም) ጥቁር ጉድጓድ አያሳይም። ኤም 87 በመሃሉ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ያለው ጋላክሲ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ምስል ጉድጓዱን የከበበው የብርሃን ቀለበት ስፋቱ 42 ማይክሮ አርክሰከንድ ብቻ ነው (አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ፣ ማይክሮ አርክሰከንድ ደግሞ የአርክሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው)፤ የተገኘውም በተለያዩ አህጉራት ያሉ 8 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተቀናጅተው ነው። የዚህ መስታወት አቅም ግማሽ አርክሰከንድ ገደማ ላይ ያበቃል።

የሚያሳየው ግን የሚናቅ አይደለም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ማጉያ ሌንስ፤ 48 እጥፍ ያጎላል)፣ ኤም 87 እንደ ባዘቶ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ዳሩ ደብዝዞ መሃሉ ይደምቃል። 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው ጥቁር ጉድጓድ እዚያ መሃል ላይ ነው። ከእምብርቱ የሚወረወረውን ቀጭን የጋዝ ፍንጥቅ (ጄት) መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ቦታው በአሰድ ኅብረ ከዋክብት ጅራት ላይ ካለችው ኮከብ ዴኔቦላና በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት ካለችው ኮከብ ቪንደሚያትሪክስ መካከል፣ ከግማሹ ትንሽ ወደ ሁለተኛዋ ጠጋ ብሎ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይደርሳል። ይህ በጎም ክፉም ነው። እንጦጦ የሸፈነው የአዲስ አበባ ወገግታ በስተደቡብ ታች ስለሚቀር አናቱ ጨለማ ነው፤ ዶብሰን ግን ልክ አናት ላይ ሲያነጣጥር ጥቂት ለማዞር መቀመጫውን ብዙ ማሽከርከር ይጠይቃል። መፍትሔው ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማየት ነው። አብሮት የሚመጣው ቀጥ ያለ ማነጣጠሪያም አንገት ስለሚሰብር በቀኝ ማዕዘን የታጠፈውን ይግዙ።

ሱሉልታ ሌሊቱ ይበርዳል። ቱቦው ከቤት እንደወጣ ከታየበት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ 40 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በኮረኮንች መንገድ ከተጓዘ መስታወቶቹ ስለሚዛነፉ እንደደረሱ ያስተካክሏቸው፤ አለበለዚያ ኮከብ ሁሉ ጅራት ያወጣል። የቺፑድ መቀመጫው እርጥበት ከጠጣ ያብጣልና ሣር ላይ ሸራ ያንጥፉ።

ስለ ጥቁር ጉድጓድ ብሎ ለሚገዛ ሰው ግን ዋናው ሽልማት ኤም 87 ሳይሆን ስሪ ሲ 273 ነው። እዚያው ሰንቡላ ውስጥ ያለ ኩዌዛር፣ ማለትም በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ እጅግ የሚያበራ የጋላክሲ እምብርት ነው፤ ርቀቱ 2.4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ድምቀቱ 13ኛ ደረጃ ገደማ (ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል)። በ10 ሚሊ ሜትር አይፒስ (120 እጥፍ) እንደ ተራ ደብዛዛ ኮከብ ይታያል፤ ያለ ዝርዝር የኮከብ ካርታ አይለይም። ያቺ ነጥብ ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወርደው ጋዝ ግሎ የሚረጨው ብርሃን ናት። በዚህ ማጉያ ዕይታው ከ2 ደቂቃ በታች ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ቱቦውን ቀስ እያሉ ይግፉ። አንድ መኪና ረጅም መብራት አብርቶ ካለፈ ደግሞ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሌላ 20 ደቂቃ ነው።