«ጳጉሜን ከማን ጋር ናቸው?» ብለው ለጠየቁኝ ጠበቃ

ይህን ምስጋና ሳላደርስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በቀደም ማታ ሴቷ ልጄ ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች «አባዬ፣ ዘንድሮ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ ፋሲካን አንተ ጋር ነን» ስትለኝ ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም።

የማመሰግናቸው ልደታ አካባቢ ቢሮ ያላቸውን አንዲት ጠበቃ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም፤ ለሚፈልግ ሰው ግን በግል መልእክት አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

እኔና የልጆቼ እናት የተፋታነው በ2015 ነው። ሴቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመቱ ነበር። በንብረት ብዙ አልተከራከርንም። ልጆቹ አራት ኪሎ ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ ተስማማን። ስምምነቱን ያዘጋጀልን ሰው ስለ እኔ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ አባት ልጆቹን በአመቺ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለው የሚል። አንብቤ ፈረምኩ።

አመቺ ጊዜ የተባለው ለማን እንደሚመች ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ለእኔ የሚመቸኝ ቅዳሜ ለእርሷ አያታቸው ቤት የሚሄዱበት ቀን ሆኖ ተገኘ። «መጠየቅ» የሚለው ቃልም ሌሊት ሌሊት ያመኝ ነበር። በእኛ ቋንቋ የሚጠየቀው ታማሚ ነው፣ እስረኛ ነው። የወለድኳቸውን ልጆች ብርቱካን ይዤ ደጅ ላይ የምጠይቅ ሰው ሆንኩ። በሩ ላይ ቆመን ስንነታረክ ልጆቹ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ በመካከላችን ይቆማሉ። ታናሹ አስም አለበት። አንድ ቅዳሜ ለአስሙ የሚስበው መድኃኒት እናቱ ቤት ቀርቶ ሌሊት ደረቱ ሲያፍነው ተሸክሜው ወደ ሐኪም ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ እኔና እናቱ ጥፋቱ የማን ነው በሚል ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን።

በ2016 መጋቢት ወር ፒያሳ የተከራየሁበት ቤት በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ገባሁ። ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ ብቅ የምልበት ነገር ቀረ። በሩ ላይ የምደርሰው በታክሲ ተጋፍቼ፣ ዘግይቼና ተናድጄ ሆነ። ልጆቹን በክስ ልወስድ ቆርጬ ጠበቃ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኚህ ሴት መራኝ።

ብሶቴን ሁሉ አዳመጡኝ። ሳበቃ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «የሴት ልጅዎን ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፉልኝ» አሉኝ። ጀመርኩ። አራተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። የስፖርት ልብሷን የምትለብሰው በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ የሂሳብ የቤት ሥራዋን ማን እንደሚያይላት አላውቅም። አልገሠጹኝም። «ይሄዱና ይጠይቋት፤ ከዚያ ይመለሱ» ብለው ብቻ ሸኙኝ። ለዚያ ቀን ክፍያም አልተቀበሉኝም።

ስመለስ ሕጉን አስረዱኝ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩና ከሌላው ወላጅ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። ውሳኔውም እንደገና ሊታይ ይችላል። የቤቴ መለወጥም ሆነ የልጁ አስም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነገር መሆኑን ነገሩኝ። ቢሆንም ክስ ከማዘጋጀታቸው በፊት እናታቸውን እንዲያነጋግሩ ፈቃዴን ጠየቁ።

ለእርሷ የጻፉት ደብዳቤ የሚጀምረው እርሳቸው የእኔ እንጂ የእርሷ ጠበቃ እንዳልሆኑ፣ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሟ በፊት የራሷን ጠበቃ ማማከር እንደምትችል በመግለጽ ነበር። ያን ጊዜ ቅር አለኝ፤ ገንዘብ የምከፍለው እኔ ነኝና። እርሷ ግን ከአጎቷ ጋር እዚያ ቢሮ የመጣችው ያንን ዓረፍተ ነገር አንብባ እንደሆነ በኋላ ነግራኛለች።

አራት ጊዜ ተቀመጥን። የጠበቃዋ ጥያቄዎች እስከ ዛሬ በጆሮዬ አሉ። «ልጅቷ አበባየሆሽ የምትለው ከየትኛው ሰፈር ልጆች ጋር ነው?» ሲሉን ሁለታችንም ዝም አልን። ጓደኞቿ ያሉት አራት ኪሎ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ከእናታቸው ጋር ሆነ፣ ደመራና መስቀል ከእኔ ጋር። ገናና ፋሲካን በወንጌላውያኑ ዘመን አካፈሉን፦ በማቴዎስና በሉቃስ ፋሲካን ከእናታቸው ገናን ከእኔ ጋር፣ በማርቆስና በዮሐንስ ደግሞ ተገላቢጦሽ። አጎትየው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ለመቁጠር የሚያስቸግር ነገር የለበትምና። ሐምሌ ከእኔ፣ ነሐሴ ከእናታቸው ጋር ሆኖ ተጻፈ። ጨርሰናል ብዬ ስነሣ «ጳጉሜን ከማን ጋር ናቸው?» አሉ። አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፤ በቀደመው ወረቀት ግን እነዚያ አምስት ቀናት ስንት ጠብ እንዳመጡብን እኔና እናታቸው እናውቃለን። የደንብ ልብስና ደብተር የሚዘጋጅባት ስለሆነች ከእናታቸው ጋር እንድትሆን ተስማማን።

ከሁሉም በላይ ሕይወታችንን የለወጠው የመረካከቢያው ነገር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት እናታቸው ትምህርት ቤት ታደርሳቸዋለች፤ ከሰዓት እኔ ከዚያው እወስዳቸዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እዚያው አደርሳቸዋለሁ። ልጆቹ የሁለታችንን ፊት በአንድ በር ላይ ማየት ቀረላቸው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምንረካከበው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ አንዳችን ብንዘገይ ልጆቹ መጽሐፍ እያገላበጡ ይጠብቃሉ። ረቡዕ ማታም ከእኔ ጋር ናቸው። ሴቷ እንደ እናቷ መጾም ስለጀመረች በእኔም ቤት የረቡዕ ጾሟ እንዲጠበቅላት ተጽፏል። የአስሙ መድኃኒት በሁለቱም ቤት አንድ አንድ ይቀመጣል፤ የክትባት ካርዱ ቅጂም እንዲሁ። ቀለብ ለብቻው ተጻፈ። ጠበቃዋ በዚህ ላይ ጥብቅ ነበሩ፦ ገንዘብ ቢዘገይ ልጅ አይከለከልም፣ ልጅ ቢዘገይ ገንዘብ አይያዝም፣ የገንዘብ መልእክትም በልጅ አፍ አይላክም።

ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ከክረምቱ ዕረፍት በፊት ጸደቀ። የመጨረሻ ቀን ጠበቃዋ ሌላ አንድ ገጽ ሰጡኝ፤ በውስጡ ሕግ የለም፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚያነቡት የቀን መቁጠሪያ ነው። ሴቷ የእናቷን ቀናት በቢጫ፣ የእኔን በአረንጓዴ ቀባች። አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ አራት ኪሎ ተለጥፏል።

ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ አልልም። ባለፈው ጥቅምት በአንድ የልደት በዓል ምክንያት ተቀያይመን ነበር። ወረቀቱን አውጥተን አየን፣ ቀኑ የእርሷ ነበር፣ አለፈ። ድሮ ቢሆን ወር ይፈጅብን ነበር።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ የትምህርት ቤቱን የዓመት መርሐ ግብርና የልጆቻችሁን የሳምንት ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እርሱ ነው። ክፍያቸውን በቅድሚያ በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ቅዳሜ ጠዋትም ይሠራሉ። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ባለበት ትዳር ግን እንዲህ ያለውን የስምምነት መንገድ ራሳቸው አይመክሩም፤ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄዱት። ይህንንም ከአፋቸው ሰምቻለሁ።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡት፦ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት የአማርኛና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነበራት፤ ከምሳ በኋላ ስፖርት ስላላት ሰማያዊውን ቱታ ለብሳ ነው የሄደችው። የሂሳብ የቤት ሥራዋን ማታ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ አብረን ሠርተናል። ሁለተኛውን ጥያቄ የሳትኩት እኔ ነኝ፤ እርሷ አርማኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።