ለቀበናው መካኒክ፣ እግዜር ይስጥልኝ

እንዲህ አደባባይ ወጥቼ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ካልጻፍኩ ግን ሲከነክነኝ ይኖራል።

የምነዳው ቪትዝ ነው። ከሰኔ ጀምሮ መኪናው ይከብደኝ ጀመር፣ ቤንዚን መብላት አበዛ፣ ቀጥሎ ከቀኝ የኋላ ጎማ ሽታ መጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኤንትሬ ከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሰብ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን። ትምህርት ሲዘጋ እስከ ደሴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጣርማ በርን አልፈን ያንን ቁልቁለት ስንጨርስ ደብረ ሲና ላይ ያቆምና በየጎማው እየዞረ ያሸታል። «ፍሬን ሲቃጠል መጀመሪያ የሚነግርሽ አፍንጫሽ ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ፍሬን መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ በላይ ግን አላውቅም፤ የማያውቅ ሰው ጋራዥ ሲገባ ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ታውቃላችሁ።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ቀየረልኝ፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለተኛው ሸራውንም ሸራው የሚይዘውን ታምቡርም አስገዛኝ፣ አሥር ቀን። ሦስተኛው የፍሬን ሲሊንደር ነው አለ፤ ሌላም ብዙ ነገር ዘረዘረልኝ፣ አንዱም አልገባኝ፣ ከፈልኩ። ሲደመር ከ30 ሺህ ብር በላይ ነው። ብሩስ ይቅር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሁለተኛው ጋር ተመልሼ ስሄድ ሰውዬው ሠራተኞቹ ፊት «እህት፣ የእጅ ፍሬን ሳትለቂ እኮ ነው የምትነጂው፤ ሴቶች ስትባሉ!» ብሎ ሳቀብኝ። ልጆቹም ሳቁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 15 ዓመቴ ነው! ግን ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። መብራት በያዘኝ ቁጥር የእጅ ፍሬኑን ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

አንድ ቀን እናቴን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አድርሼ ስንመለስ፣ ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ጎማው ጨሰ። ፍሬን ስረግጥ እግሬ ወደ ታች ሰመጠ። እናቴ ስዕለት ስትሳል እኔ በማርሽ እያበረድኩ እንደምንም ዳር ያዝኩ። የሰፈር ልጆች ውሃ ይዘው ሮጡ፤ አንድ የታክሲ ሾፌር «የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አይደፋም፣ ይሰነጠቃል!» ብሎ አስቆማቸው። የእኚህን የቀበና መካኒክ ስልክ የሰጠኝም እሱ ነው፣ እሱንም እግዜር ይስጠው።

ጋራዥ እንኳ አይባልም። ቀበና፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ሁለት መኪና የሚይዝ ግቢ ነው። እኔ የተቀየረውን ሁሉ ልዘረዝር ስል «ቆይ ልጄ፣ የተቀየረውን ተይው። ማታ የት ነው የምታቆሚው?» አሉኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቁልቁለት ላይ አልኳቸው። «የእጅ ፍሬን ጠበቅ አድርገሽ?» አዎ፣ ክረምት ከበጋ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፈሩን በመኪናው አንድ ጊዜ ዞረው መጡና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ግራው ጎማ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ አስጠጉ፣ ሳይነኩት። የኋላውን በክሪክ አነሱና የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ አውርደው «ነይ አዙሪው» አሉኝ። እኔን! የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ተንበረከክሁ። ግራው በአንድ ጣት ዞረ። ቀኙ በሁለት እጄም እምቢ አለ። ከሥር ገብተው የእጅ ፍሬኑን ካቦ፣ ማለት የሚስበውን ሽቦ፣ ፈቱት። «አሁንስ?» ዞረ። እጄን ካነሳሁ በኋላም እየዞረ ነበር።

ለካ ካቦው ኖሯል። ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ዝጓል፤ ሲሳብ ይሄዳል፣ ሲለቀቅ አይመለስም። ሦስት ጋራዥ በካቦው ጫፍ ያለውን ሁሉ ሲቀያይር ካቦውን ያየው የለም። «አንቺስ ለቀሻል፣ ያልለቀቀው እሱ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ለካቦ ማልቀሴ እስካሁን ያስቀኛል።

ሸራው ተቃጥሎ ስለነበር እሱና የፍሬን ዘይቱ መቀየራቸው አልቀረም። ታምቡሩን ግን «ገና ነው፣ ብርሽን አታባክኚ» ብለው መልሰው ገጠሙት። መለዋወጫ ስገዛ ዋጋ እንዳይሰቅሉብኝ ረዳታቸውን ሶማሌ ተራ አብሮኝ እንዲሄድ ላኩት። አሮጌውን ካቦ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ «ሌላ ቦታ ብትሄጂ አሳዪያቸው» ብለው። የጉልበቱን ስሰማ የተሳሳቱ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ሦስት ጊዜ ወጥተን ወርደናል። በወረድን ቁጥር አቁሜ እንደ አባቴ አሸታለሁ። ምንም የለም።

ጎማው የሚግልበት፣ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ የሚለው፣ ጋራዥ አዙሮ አዙሮ ያደከመው ሁሉ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። «ስሜንና ስልኬን አደባባይ አታውጪ፣ ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ስላሉኝ በውስጥ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ይህ ይቀየር አትበሏቸው፤ መኪናው ምን እንደሆነ ብቻ ንገሯቸው። በጠዋት ሂዱ። እሁድ አይሠሩም።