ሪዝላ ሲልቨር፦ ሲጋራው ባንድ ጎን ለሚነድባችሁ

ትንባሆ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያጨስ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲጋራው ይለኮሳል፣ ሁለት ሦስቴ ሲሳብ አንዱ ጎን ተበልቶ ያልቃል፣ ሌላው ጎን እንዳለ ቆሞ ይቀራል። ያናድዳል። እዚህ ጀርመን ብዙ ዓይነት መጠቅለያ ወረቀት ሞክሬ አሁን የረጋሁት ሪዝላ ሲልቨር ላይ ነው።

ወረቀቷ በጣም ስስ ናት፤ ጣታችሁ በውስጧ ይታያል። ጥቅሟም እዚሁ ላይ ነው። ወፍራም ወረቀት ከትንባሆው ቀድሞ መንደድ ይፈልጋል። ይህቺ ግን የትንባሆውን እሳት ተከትላ ነው የምትሄደው። አመዱ ዙሪያውን እኩል ይመጣል፤ የወረቀት ጣዕምም የለውም ማለት ይቻላል።

ፈተናው ስትጠቀልሉ ነው። ላብ ያለው ጣት አትወድም። ትንባሆው ውስጥ ጭራሮ ካለ ይበሳታል፤ ከተበሳች ደግሞ አየር በዚያ ይገባና እሳቱ ይዛባል። ስለዚህ ትንባሆውን በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉና ጭራሮውን ልቀሙለት። ከዚያ ሳትዘጉት በሁለት አውራ ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች ደጋግማችሁ አሹት። የተቋጠረ ቦታ ካለ ጣት ያውቀዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እሳቱ የሚዛባውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። የወረቀቷን ጠርዝ ሙጫ ስትልሱ ምላስ ነካ ይበቃዋል። ከራሰ ያ መስመር አልነድ ይልና ተቃራኒው ጎን ይሮጣል።

ለጀማሪ አረንጓዴዋን ሪዝላ እመክራለሁ። ወፈር ትላለች፣ ጥጎቿም የተቆረጡ ስለሆኑ ወደ ውስጥ ለማጠፍ ትቀላለች።

ሲልቨርን ለኩሳችሁ መተርኮሻ ላይ ትታችኋት ወሬ ከጀመራችሁ ትጠፋለች። ይህን እንደ ጉድለት የሚያወሩ አሉ፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። በአውሮፓ ኅብረት የፋብሪካ ሲጋራም ከፈረንጆቹ 2011 ማብቂያ ጀምሮ ሳይሳብ ከቆየ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው ቤት እንዳይቃጠል ነው። ስስ ወረቀት ጤና ያመጣል የሚሉትን ግን አትስሙ። ጭሱ ያው የትንባሆ ጭስ ነው።

ብርድ ገብቶ የቤት ማሞቂያ ሲከፈት ትንባሆው ይደርቃል። የደረቀ ትንባሆ ደግሞ በየትኛውም ወረቀት እየሮጠ ነው የሚነደው። የብርቱካን ልጣጭ ከረጢቱ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ካልወጣ ይሻግታል። እኔ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ጠርሙስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ወረቀቷን ደግሞ ከሱሪ ኪስ አርቋት፤ ሙቀትና ላብ ካገኛት ሙጫዋ እርስ በርስ ይጣበቃል።