ኤስሲዲ30 ሴንሰር በደብረ ብርሃን ከፍታ፦ የአፈርን እስትንፋስ ይለካል፣ የከባቢ አየርን ዕድገት ግን አይደርስበትም

ደብረ ብርሃን ላይ አራት ሽቦ አገናኝቶ ኤስሲዲ30 የተባለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ሴንሰር ግቢ ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ቁጥር 300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 300) አካባቢ ነው። በዓለም አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ ላይ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ነው፤ አሁን 425 አካባቢ ደርሷል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፣ የደብረ ብርሃንም አየር ከሌላው ተለይቶ አልጸዳም። ነገሩ የከፍታ ነው።

የስዊዘርላንዱ ሴንሲሪዮን የሚያመርተው ይህ ሴንሰር በውስጡ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያበራና ምን ያህሉ እንደተዋጠ ያያል። የሚቆጥረው እንግዲህ በክፍተቱ ውስጥ ያሉትን የጋዝ ቅንጣቶች ነው እንጂ ከመቶ ወይም ከሚሊዮን ስንት እንደሆኑ አይደለም። ከተማው በ2,840 ሜትር ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 720 ሄክቶፓስካል ግድም ነው፤ በባሕር ወለል 1,013 ነው። ባሕር ዳርቻ 10 ቅንጣት ባለበት ቦታ እዚህ 7 ብቻ አለ። 425ን በ0.71 ብታባዙ ያ 300 ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ግፊቱን ለሴንሰሩ መንገር ነው። ሁለት መንገድ አለው፤ ከፍታን በሜትር መስጠት ወይም ግፊትን በሄክቶፓስካል መስጠት። ግፊት ከተሰጠው ከፍታውን ይተወዋል። ቢኤምፒ280 የሚባለውን ትንሽ የግፊት ሴንሰር አብሮ አስሮ ንባቡን በየሰዓቱ ማቀበል ከሁሉ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ካለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ 1,017 ወይም 1,020 የሚል ቁጥር ወስዶ ያስገባል። ያ ቁጥር ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው፤ እሱን ማስገባት ምንም ካለማስገባት አይለይም።

ሴንሰሩን በጣርማ በር በኩል ቁልቁል ይዞ ሸዋ ሮቢት የሚወርድም ይጠንቀቅ። እዚያ ግፊቱ 870 ይጠጋል። በደብረ ብርሃኑ 720 ላይ ከተተወ ያንኑ ንጹህ አየር ከ500 በላይ አድርጎ ያነበዋል። ወደ ላይ ለሚወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሴንሰሩ የሚቀበለው ግፊት ከ700 እስከ 1,400 ብቻ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ በታች ይወድቃል። እዚያ 700 አስገብቶ፣ ንባቡን በኋላ በስሌት ማረም ግድ ነው፤ 700ን በቦታው እውነተኛ ግፊት አካፍሎ በንባቡ ማባዛት ይቀራረባል።

ቀጥሎ ራሱን በራሱ የሚያስተካክልበት ዘዴ አለ። ይህን አጥፉት። ዘዴው በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ንጹህ አየር ያገኛል ብሎ ያስባል፤ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥርም 400 ነው ብሎ ይይዘዋል። ለቢሮ ክፍል ይሆን ይሆናል። ውጭ ግን አየሩ ራሱ 425 ስለሆነ ገና ከጅምሩ 25 ያጎድላል። በእሱ ምትክ በእጅ ማስተካከል ይሻላል፦ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም፣ ከቤትና ከከብት ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ሴንሰሩን በ2 ሴኮንድ ልዩነት ከሁለት ደቂቃ በላይ አስነብቦ 425 ነው ማለት። ሌሊትና ማለዳ አይሆንም፤ አፈሩና ሣሩ የተነፈሱት ጋዝ በቀዝቃዛው አየር ሥር ታፍኖ ያድራል። ግፊቱ አስቀድሞ ካልገባ ደግሞ ማስተካከያው ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ዕቃው ምን ይረባል? ለእኛ አገር መልሱ አፈር የሚተነፍሰውን ጋዝ መለካት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የሚጨምርን ጋዝ መከተል ላይ ጎበዝ ነው፤ ስህተቱ 30 ፒፒኤም ሲደመር የንባቡ 3 በመቶ ቢሆንም፣ ያ ስህተት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ጭማሪውን አያበላሸውም።

የሚያስፈልገው አፉ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 10 ሊትር ባልዲና በልኩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ቀለበት ነው። ቀለበቱን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አስገብቶ አንድ ቀን መተው ይገባል፤ አፈሩ ሲነካና ሥር ሲቆረጥ የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ ላይ ያታልላል። ሴንሰሩን ውስጡ ይዞ ቀለበቱ ላይ የሚደፋው ባልዲ ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን፤ ካልሆነ ሣሩ ጋዙን መልሶ ይወስደዋል። ከላይ በፎይል መሸፈንም ሙቀቱን ይቀንሳል። ጎኑ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን ቱቦ ካልተተወች ባልዲውን ሲጫኑት አየሩ አፈሩን ይገፋል። ሴንሰሩ ለውጥን ለመቀበል 20 ሴኮንድ ያህል ስለሚዘገይ የመጀመሪያውን 30 ሴኮንድ ጥላችሁ ቀጣዩን ሦስት ደቂቃ ውሰዱ። አስነባቢው ከነፋሱ በታች ይቁም፤ የሰው ትንፋሽ 40,000 ፒፒኤም ነው።

ስሌቱ ይኸውና። ባልዲው 0.01 ሜትር ኩብ፣ አፉ 0.05 ካሬ ሜትር ነው፤ ሲካፈል 0.2 ይሆናል። በ720 ሄክቶፓስካልና በ17 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 29.9 ሞል (የቅንጣት ብዛት መቁጠሪያ) ይይዛል። ጭማሪው በሴኮንድ 0.5 ፒፒኤም ከሆነ፣ ሦስቱ ሲባዙ በካሬ ሜትር በሴኮንድ 3 ማይክሮሞል ይወጣል። ከመጽሐፍ የባሕር ወለሉን 42 ሞል ገልብጦ የሚጠቀም 4.2 ያገኛል፤ 40 በመቶ ትርፍ ማለት ነው። ከመሬት በላይ የቀረ 3 ሳንቲ ሜትር ቀለበትም ይዘቱን በ1.5 ሊትር ስለሚጨምር አትርሱት።

በእነዋሪና በጅሩ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ጋዙ ከቀለበቱ ሥር ያመልጣል። የንባቡ መስመር ሲወጣ ሲወርድ ከታየ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ቀለበቱን ማዛወር እንጂ በጭቃ መድፈን አያዋጣም፣ ጭቃው ራሱ ይተነፍሳል። ለመለካት ደስ የሚለው ግን የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ደርቆ የከረመ አፈር ሲረጥብ በሰዓታት ውስጥ ጭማሪው ይፈነዳል። በርች የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል፤ የሠራውም ሩቅ ሳይሆን ኬንያ ነው። ከዝናቡ በፊት ባለው ቀንና በማግስቱ በአንዱ ቀለበት ላይ መለካት ይህ ሴንሰር በደንብ የሚችለው ሥራ ነው። በጋይ (አፈሩን ከምሮ በማቃጠል) የተቃጠለ የገብስ ማሳን ካልተቃጠለው ጎን ለጎን ማነጻጸርም እንዲሁ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ግን አይስማማውም። የሥራ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ይጀምራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ሌሊቱን ውጭ ማሳደር ከወሰኑ ያስወጣዋል፣ ጧት ላይም ጤዛ ይቋጥራል። ሌላው ፓወር ባንክ ነው፤ ሴንሰሩ በአማካይ 19 ሚሊ አምፒር ብቻ ስለሚወስድ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ምንም አልተሰካብኝም ብለው ይጠፋሉ።

የከባቢ አየሩን ዕድገት ለመከታተል የሚፈልግ ግን ገንዘቡን ይያዝ። አየሩ በዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ፒፒኤም ነው፤ የዚህ ሴንሰር ስህተት በ425 ላይ 43 ነው። ተመራማሪው ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የጀመረው ዓይነት መዝገብ ዛሬ የሚጠይቀው በሰሜን ንፍቀ ክበብ የጣቢያዎች ንባብ እርስ በርስ በ0.1 ፒፒኤም ውስጥ እንዲስማማ ነው፤ የኬንያ ተራራው ዓይነት ጣቢያና የታወቀ ጋዝ ያለበት ሲሊንደር ያሻል። ኤስሲዲ30 ሜቴንንም ጨርሶ አያይም። በርካሽ የሚሸጠው ኤምኪው4 የጋዝ ፍሳሽ መፈለጊያ ስለሆነ፣ 1.9 ፒፒኤም ግድም ለሆነው የአየር ሜቴን አይታሰብም።

የሚገዛ ሁለት ይግዛ። በመኪና መንገድ ከተናወጡ በኋላ ጎን ለጎን በአንድ ባልዲ ሥር አስቀምጦ ማስነበብ ነው፤ ከ40 በላይ ከተራራቁ ሁለቱንም እንደገና ሜዳ ላይ ወስዶ ማስተካከል።