ዘ ቪሌጅስ ወይስ ሌዠር ወርልድ? የጡረታ ቤት ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን

ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ትልቁን ቤት ሸጦ ለራሱ ወይም ለወላጆቹ የጡረታ ቤት ለመግዛት ሲያስብ ሊያወዳድራቸው የሚገቡ ሁለት መንደሮች አሉ። አንደኛው ፍሎሪዳ ያለው ዘ ቪሌጅስ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሌዠር ወርልድ ነው። ሁለቱም በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የተለዩ ናቸው፤ ኑሯቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ዘ ቪሌጅስ ከኦርላንዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካባቢው በ10 ዓመት ውስጥ 39 በመቶ አድጎ 130 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ በዚያ አሥር ዓመት ከአሜሪካ የከተማ አካባቢዎች ሁሉ በፍጥነት ያደገው እሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ቤት ከፈለጉ ያገኛሉ። ሌዠር ወርልድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከ600 ኤከር በላይ ስፋት ያለው፣ ዛፎቹ ያደጉ፣ ጥበቃ ያለው ሰፈር ነው። እዚያ በአብዛኛው የሚገዛው ሌላ ሰው የኖረበት ቤት ስለሆነ የማደሻ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል።

የልጅ ልጆች ጉዳይ

ለእኛ ሰው ከቤቱ ዋጋ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው እላለሁ። በዘ ቪሌጅስ፣ ለቤተሰብ ከተለዩ ጥቂት ሰፈሮች በቀር፣ ዕድሜው ከ19 በታች የሆነ ሰው በቋሚነት መኖር አይችልም፤ በእንግድነት የሚቆየውም በዓመት እስከ 30 ቀን ብቻ ነው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ከነዋሪ ቤቶቹ ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው እስካለ ድረስ የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለውን ገደብ ይፈቅዳል። በእኛ ቤተሰብ ግን ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጅ የምትይዘው ብዙ ጊዜ አያት ናት። የበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከሁለት ወር ያልፋል፤ 30 ቀን አይበቃውም። ሌዠር ወርልድም የዕድሜ ደንብ አለው፣ ነገር ግን ልጆችዎ እዚያው ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆኑ የልጅ ልጅዎ ማደር አያስፈልገውም፤ አያቱ ዘንድ ውሎ ማታ ወላጆቹ ይወስዱታል። የሁለቱንም ደንብ በጽሑፍ ጠይቀው ያንብቡ፤ የሻጭ ወኪል የቃል ማረጋገጫ አይበቃም።

መኪና መንዳት ሲያቅት

በዚህ ረገድ ዘ ቪሌጅስ የሚደነቅ ነገር ሠርቷል። ለጎልፍ መኪኖች የሚሆን ከ100 ማይል በላይ መንገድ ስላለው፣ አውራ ጎዳና ላይ መንዳት የሚያስፈራው ሰው በትንሿ ተሽከርካሪ ገበያም ሐኪም ቤትም ደርሶ ይመለሳል። አመሻሽ ላይ በአደባባዮቹ በነፃ የሚቀርብ ሙዚቃ አለ። ነገር ግን በዚያች መኪና ቅዳሴ መድረስ አይቻልም፤ ለዚያ ወደ ኦርላንዶ ወይም ወደ ታምፓ በአውራ ጎዳና መጓዝ ግድ ነው። ለቅሶ መድረስም እንደዚያው። ሌዠር ወርልድ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። አውቶቡስ አለ፣ የቀዩ መስመር መነሻ የሆነው ግሌንሞንት ባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው። እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ በአማርኛ የሚያወጋ ሰው፣ ሁሉም በአካባቢው ይገኛል።

ገንዘቡ

ፍሎሪዳ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የለባትም፤ ሜሪላንድ ግን ታስከፍላለች፣ ሞንጎመሪ ካውንቲም የራሱን ይጨምራል። ሆኖም ሜሪላንድ የሶሻል ሴኩሪቲ ገቢን ግብር አታስከፍልም። በዚህ ገቢ ብቻ ለሚኖር ሰው የፍሎሪዳ ጥቅም እንደሚወራው አይደለም፤ ማዕበል (ሃሪኬን) ባለበት አገር የሚከፈለው የቤት ኢንሹራንስ ይበልጥበት ይሆናል።

ዘ ቪሌጅስ ውስጥ ከወርሃዊው የመዝናኛና የአገልግሎት ክፍያ ሌላ፣ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት የወጣው የቦንድ ዕዳ ከቤቱ ጋር ይሸጣል። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ሁለት ቤቶች አንዱ ዕዳው ያለቀ፣ ሌላው ገና ብዙ የሚቀረው ሊሆን ስለሚችል ቀሪውን ይጠይቁ። በሌዠር ወርልድ ከባዱ ወርሃዊው የጋራ ክፍያ ነው፤ እንደየሕንፃው ይለያያል፣ በየጊዜውም ይጨምራል። የሕንፃውን የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት፣ ማለትም ለወደፊት ትልልቅ ጥገናዎች የተቀመጠው ገንዘብ ይበቃ እንደሆነ የሚያሳየውን ሰነድ፣ ሳያዩ አይፈርሙ። በሜሪላንድ ሌላ ሰው የኖረበትን ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው የሕንፃውን ሰነዶች ከተረከበ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ሰባቱን ቀን ለማንበብ ይጠቀሙባቸው። አንዳንዶቹ ቤቶች የኅብረት ሥራ ቤቶች ናቸው፤ የሚገዙት ቤቱን ሳይሆን የማኅበሩን ድርሻ ስለሆነ ሁሉም ባንክ አያበድርበትም።

ወጥ ቤቱንም ገብተው ይዩ። ሌዠር ወርልድ ከፎቅ ቤት ጀምሮ መሬት ላይ እስካለ ቤት ድረስ አለው። እናትዎ በየቀኑ ቡና የሚቆሉና ዕጣን የሚያጨሱ ከሆነ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጭ ያወጣው ወይስ ወደ ክፍሉ ይመልሰው እንደሆነ ያረጋግጡ። የሚመልስ ከሆነ የጭስ ማስጠንቀቂያው በየማለዳው ይጮኻል። በዚህ በኩል ዘ ቪሌጅስ ውስጥ ያሉት ለብቻቸው የቆሙ ቤቶች ይሻላሉ።

ሁለቱም የሚነዱ፣ ጤናማ የሆኑ፣ እንግሊዝኛ የማይቸግራቸውና ልጆቻቸው በየክፍለ ግዛቱ የተበተኑባቸው ባልና ሚስት ዘ ቪሌጅስን ቢመርጡ አልቃወምም። ብቻቸውን ለቀሩና ልጆቻቸው ሜሪላንድ ላሉ እናት ግን ያለ ማመንታት ሌዠር ወርልድ እላለሁ። ውሳኔው ካልተቆረጠልዎ ከመግዛትዎ በፊት ተከራይተው ይቆዩበት፤ ፍሎሪዳን ሙቀቱና ማዕበሉ ባለበት በነሐሴ፣ ሜሪላንድን በረዶ ባለበት በጥር።