ሚና ባዛር ላይ ድንጋይ በወርቅ ዋጋ እየሸጡልን ነው

ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው። ዱባይ ስትሄዱ ቡር ዱባይ ያለውን የህንዶቹን ሰፈር፣ ሚና ባዛርን ለምትዞሩ፣ በተለይ ደግሞ ለሠርግ ወርቅ ለምትፈልጉ ነው።

ሰፈሩ ደስ ይላል፣ አልክድም። ከማዶው ሰፈር ከዴራ በአንድ ድርሃም አብራ በሚሉት ጀልባ ተሻግሮ፣ የጨርቁን ገበያ አልፎ፣ የጃስሚን ጉንጉን በሚሸጥባት ጠባብ መንገድ መውጣት፣ ሳሪውን ማየት፣ ትኩስ ሳሞሳ በሻይ መብላት፤ በዚህ ላይ ክፉ አልናገርም። ጣጣው ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ሀበሻ! ሲስተር! ሰላም ነው?» ከሚለው ሰውዬ ይጀምራል። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ወንበር ይሳባል፣ ሻይ ይመጣል፣ «ላንቺ ብቻ» ይባላል።

ካራቱ ላይ አያጭበረብሩም። ማህተሙ 916 ነው፣ 22 ካራትነቱ እውነት ነው። የግራሙ ዋጋም ስክሪኑ ላይ የሚታየው የዕለቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሰው ልቡ ያርፍና ክርክሩን ሁሉ የእጅ ሥራው ክፍያ ላይ ያደርጋል። እነሱም በግራም ከ40 ድርሃም ወደ 25 የሚወርዱት ልጃቸውን የሚሰጡ እየመሰሉ ነው።

ተንኮሉ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ኩንዳን የሚሉት ባለድንጋይ የአንገት ጌጥ ሲመዘን ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ሥር ባዶውን እንዲሞላ የሚደረገው ላክ የሚባል ሙጫ፣ የማሰሪያው ክር ሳይቀር አብሮ ይመዘናል። ሚዛኑ 30 ግራም ሲል 8ቱ ወርቅ ያልሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ደህና ሻጭ 8ቱን ይቀንስና 22ቱን በወርቅ ዋጋ፣ ድንጋዩን ለብቻው በድንጋይ ዋጋ ያስባል። እኛ የገዛንበት ቤት ግን 30ው በሙሉ በ22 ካራት ዋጋ ተባዛ። የእጅ ሥራውም በ30 ተባዛ፤ 550 ድርሃም መሆን ሲገባው 750 ሆነ። በዚያ ሁሉ ላይ 5 በመቶ ቫት። በልመና የተገኘው ቅናሽ እኮ ጠቅላላው 450 ድርሃም ነው፤ የ8 ግራም ወርቅ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሚበልጠው ራሳችሁ አስሉት።

የሚያቃጥለው ገና ነው። ጌጡ በዚያው ቀን፣ ደረሰኙ እንኳ ሳይታጠፍ፣ ልንመልሰው ብለን እዚያው ባንኮኒ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሻጩ ያው ሰው ነው። ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ቀና አላለም። ጌጡን በአንድ እጁ ገለበጠና አንዷን ቀይ ድንጋይ በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ አደረጋት። «ማዳም፣ ይሄ ድንጋይ ነው፤ ወርቁ 22 ግራም ብቻ ነው» አለ። ከጥቂት ሰዓት በፊት 30 ብሎ ገንዘብ የቆጠረው አፍ! የእጅ ሥራውና ቫቱ ደግሞ አይመለስም። ስለ 8ቱ ግራም ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ደረሰኙ ላይ «ጠቅላላ ክብደት» የምትለዋን መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየ፤ ከሥሩ ፊርማችን አለ። ከዚያ ለጓደኛው በህንድኛ አንድ ነገር ጣል አደረገለት፣ ሁለቱም ሳቁ። በዚህኛው ዙር ሻይ የሚባል ነገር የለም። በር ላይ ያለው ሰውዬ ሌላ ሀበሻ እየጠራ ነበር።

በቃ፣ ድንጋይ የሌለው ወርቅ ግዙ። የግድ ባለድንጋይ ካላችሁ የወርቁና የድንጋዩ ክብደት ለየብቻ ደረሰኙ ላይ ሳይጻፍ ቦርሳችሁን አትክፈቱ። ሚዛኑ ከ0.00 መጀመሩን፣ የዋጋ ካርዱ ተቆርጦ መውጣቱንም እዩ። ለጉብኝት የሄዳችሁ ደግሞ ሱቁ የቫት ተመላሽ ውስጥ ካለ ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ አስመዝግቡ፤ ከ250 ድርሃም ጀምሮ ላለ ግዢ ከቫቱ አብዛኛው ትንሽ ክፍያ ተቀንሶ ይመለሳል፣ ግን ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ነው የሚጨረሰው። የዱባይ ሸማቾች ጥበቃ አቤቱታ ይቀበላል። የኛም ገብቷል።