ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላላችሁ፦ የቅዳሜዎቹን የኮምፒውተር ሰዎች እወቁልኝ

ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ኮዬ ፈጬ ያላችሁ፣ ገላን በኩል ያላችሁም አንብቡልኝ።

እኛ ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናል ውስጥ ኮምፒውተር ከፍተው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ታፔላ የላቸውም። ማስታወቂያ አይለጥፉም። ራሳቸውን ክለብ ይላሉ እንጂ ድርጅት አይደሉም። ኮምፒውተር ስለሚወዱ ተሰብስበው የሚያውቁትን የሚለዋወጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ከጡረታ የወጡ አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ የሃይገር ሹፌርም አለ። የሰፈር ሰው ማሽን ሲበላሽበት አብረውት ከፍተው ያያሉ። ለድካማቸው ሳንቲም አይቀበሉም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ፈተና የማወጣው፣ ማርክ የምሞላው ባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ላፕቶፑ እየጋለ በራሱ ድርግም ማለት ጀመረ። ራቅ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ ከምታስጠግኚው አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል" አለኝ። የሚሸጥ ላፕቶፕም አብሮ አሳየኝ። የዘንድሮን የላፕቶፕ ዋጋ የጠየቀ ሰው ምን እንደተሰማኝ ይገባዋል። "እስኪ ቅዳሜን ጠብቂ" ያለችኝ ጎረቤቴ ነበረች። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

እዚያ አንድ ሕግ አላቸው። ማሽን ጥሎ መሄድ የለም። ባለቤቱ አጠገባቸው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱን ነገር ያያል፣ ካቻቢቴውንም ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በቴክኒሽያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። እሳቸው ላፕቶፑን ከመንካታቸው በፊት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። "ልጄ፣ ምን ያህል ከሠራ በኋላ ነው የሚጠፋው? እንደጠፋ ወዲያው ስታስነሺውስ ቶሎ ይጠፋል ወይስ ይቆያል?" አሉኝ። ወዲያው ሲነሳ ቶሎ ይጠፋል፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ግን ይቆያል አልኳቸው። "እንግዲያው ሙቀት ነው። ማዘርቦርዱን አትውቀሺው" አሉ።

ከዚያ ነጭ ወረቀት አምጥተው የላፕቶፑን ጀርባ በእርሳስ ሣሉ። የምፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ደግሞ አንዲት የምህንድስና ተማሪ ሥዕሉ ላይ በነበረበት ቦታ በፕላስተር ታስለጥፈኛለች፤ እኔን "ቲቸር" ነው የምትለኝ። "ቲቸር፣ ብሎኖቹ እኩል አይደሉም። ረጅሙን ባጭሩ ቦታ ካሰርሽው ቦርዱን ይወጋዋል" አለችኝ። ባለሙያ የተባለ ሰው ብሎን ጠረጴዛ ላይ ዝርግፍ አድርጎ ሲገጥም አንዱ ሲተርፈው ያያችሁ ካላችሁ፣ ይህ ጥንቃቄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፋኑ ሲነሳ ጉዱ ታየ። የቱሉ ዲምቱ አቧራ በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት የመዳብ ክንፎች መካከል እንደ ፍራሽ ጥጥ ታጭቋል። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። አቧራውን በብሩሽ አነሳሁት፣ የቀረውን በአየር ነፉት። ሲነፉ ፋኑን በጥርስ መፋቂያ እንጨት አስይዘውኛል። ፋኑ በአየሩ ግፊት ከልኩ በላይ ቢሽከረከር ሊበላሽ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ቴርማል ፔስት የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠረግነው። አዲሱን የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ጠብ አደረጉበት። ሥራው በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ስለሆነ መብዛቱ ጥቅም የለውም። አብዛኛው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጀመሪያ ራሱን ያዘገማል፤ ካልበረደለት ለመዳን ሲል ይጠፋል። የኔ ላፕቶፕ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። ራሱን ሲያድን የነበረ ማሽን ሞቷል ተባለ።

ላፕቶፑ እስካሁን እየሠራ ነው። ይህን ጽሁፍም የጻፍኩት በሱ ነው።

ቀርፋፋነቱንም ያነሳችልኝ ያችው ልጅ ነች። ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ የድሮው፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። ወደ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር ወደሌለው ፈጣኑ ዲስክ፣ ብቀይረው ሌላ ማሽን እንደሚሆንልኝ ነገረችኝ። ግን "ግዢ" ብላ አልተወችኝም። ወረቀት ላይ "2.5 ኢንች፣ ሳታ፣ 256 ጊጋ" ብላ ጻፈችልኝ። መርካቶ ስሄድ አንዱ ሻጭ ማስቲካ የሚመስለውን ቀጭኑን የኤስኤስዲ ዓይነት፣ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን፣ "ይሄ ይበልጣል፣ ፈጣን ነው" አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። የኔ ላፕቶፕ እሱ የሚገባበት ቦታ የለውም። ወረቀቱ ባይኖር ይዤው እመለስ ነበር፤ ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ በታክሲ ምን ያህል እንደሆነ አልነግራችሁም።

ዲስኩን ከመቀየራችን በፊት የልጆቼ ፎቶና የተማሪዎቼ ማርክ ሌላ ቦታ መገልበጡን ዓይናቸው እያየ አስከፍተው አስመሰከሩኝ። "ተገልብጧል" ማለት አይበቃቸውም። ከተገለበጠው ላይ ፎቶ መክፈት አለባችሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጥኩ የሌላውንም ማሽን ማየት ለመድኩ። ብዙ የተማርኩት ከዚያ ነው።

አንዲት የጽህፈትና የኮፒ ቤት ያላት እናት ዴስክቶፕዋን ተሸክማ መጣች። ምንም ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ሁሉንም "አስተማማኝ አይደለም" ይላታል። ኢንተርኔቱ መስሏት ደጋግማ ፓኬጅ ሞልታለች። ጋሼ ቀኑን አዩት። ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ያለፈ ዘመን ላይ ነኝ ብሎ ካመነ ሁሉም ወረቀት ሐሰት ይመስለዋል። መድኃኒቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ መቀየር ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፣ የመኪና ቁልፍ ውስጥም ትገኛለች። ቀየሩላት። ያቺ እናት የመረቀችውን ምርቃት እኔ መድገም አልችልም።

የፍላሽ ነገርም አለ። ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይላችሁ ሁሉ አቋራጭ (ሾርትከት) ምልክት ብቻ ሆኖባችሁ ያውቃል? ብዙ ቦታ "ፎርማት ይደረግ" ነው መልሱ። እነሱ ግን መጀመሪያ ፍላሹ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ያያሉ። ቦታው ተይዞ ከሆነ ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆታል እንጂ። አቋራጩን ሳይነኩ ቫይረሱን ያጸዳሉ፣ ከዚያ አትሪብ በሚባል ትዕዛዝ የተደበቀውን ያወጡታል። ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የዕድራችን ጸሐፊ ይዘውት የመጡት ደግሞ የቆየ የመተዳደሪያ ደንብ ነበር። ሲከፈት ምልክትና የእንግሊዝኛ ፊደል የተደበላለቀበት ዝብርቅርቅ ነው። ተበላሸ ብለው እንደገና ሊያስተይቡት ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት ስምምነት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ በየፎንቱ የሚጻፈው አማርኛ ከውስጥ የላቲን ፊደል ሆኖ ከላይ የግዕዝ መልክ የተሰጠው ነበር። ፎንቱ ከሌለ መልኩ ይገፈፋል። ከልጆቹ አንዱ የድሮውን ፎንት ፈልጎ ጫነው፤ ደንቡ ተነበበ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ለወጠላቸው። አሁን ስልካቸው ላይ ሳይቀር ይከፍቱታል።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽን አይቀበለውም። ክለቡ ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት ያሳያል። በነፃ ነው። ደስ የሚለው፣ ሳይጭኑት ከፍላሽ አስነስተው ያስሞክሯችኋል፤ ካልወደዳችሁት ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ነበራችሁበት መመለስ ነው። ግን አያስገድዱም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ "ልቀይር" ሲል ጋሼ "ዊንዶውስ በሚፈልገው የሒሳብ ፕሮግራም፣ በፒችትሪ ነው የምትሠራው? እንግዲያው ዊንዶውስህን አትልቀቅ" ብለው መልሰውታል። የሚወዱትን ነገር እንኳ ለማይስማማው ሰው አይሰጡም። እኔ እምነት የጣልኩባቸው በዚህ ነው።

ለሁላችንም የሚሆን ምክራቸውን ላካፍላችሁ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ዝላይ ነው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት አያቆይም፤ ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሴቭ አድርጎ የሚያጠፋበት ጊዜ የሚያገኘው ባትሪ ባለው በዩፒኤስ ነው። ከስልካችሁ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ዋይፋይ "ሚተርድ" (ዳታው የተለካ) በሉት። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ በእናንተ ዳታ አያወርድም። ይህን ካደረግኩ ወዲህ ፓኬጄ እየቆየልኝ ነው።

የሃይገር ሹፌሩ አንድ ቀን የነገረን ከአእምሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች በአንድ ሰው ጋራዥ ተሰብስበው ሆምብሪው የተባለ ክለብ መሠረቱ። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ አፕል 1 የተባለውን ኮምፒውተር ይዞ የመጣው እዚያ ክለብ ነው። የሹፌሩ ዓይን ይህን ሲናገር ያበራ ነበር። እኛ ኮሚናል ውስጥ ያሉት ልጆችም የት እንደሚደርሱ ማን ያውቃል።

አሁን ልትሄዱ ለምታስቡ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ አሉ፤ ከ11 በኋላ አዲስ ማሽን አይከፍቱም። ወረፋ አለ፣ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስልክ አይነኩም። የናንተ መሆኑን የማታስረዱትን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል አይከፍቱም፣ አትለምኗቸው። ቻርጀራችሁን አትርሱ፤ ችግሩ አንዳንዴ እሱ ጋ ነው። ዕቃ መግዛት ካስፈለገ የምትገዙት ራሳችሁ ናችሁ፣ እነሱ የሚጽፉላችሁ ወረቀቱን ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆች፣ ተባረኩ። ገንዘብ አንቀበልም ስላላችሁኝ ነው እዚህ የጻፍኩት። ጎረቤቶቼ፣ እናንተም ማመስገን ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ሥራ የፈታ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቻርጀር ወይም ራም ካለ አትጣሉት፣ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ከሁሉ የሚቸግራቸው ዲዲአር 3 የሚባለው የቆየ ዓይነት የላፕቶፕ ራም ነው፤ 4 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ተማሪ ማሽን ይሆናል።